የማርያም መቀነት

ፀሐይ እየወጣች ዝናብ ከዘነበ የሆነ ቦታ ጅብ ወልዳለች። ይህን የማያውቅ ያገር ልጅ ያለ አይመስለኝም። የት እንደወለደች፣ ስንት እንደወለደች፣ አዋላጇ ማን እንደነበረች የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ጉለሌ ያደግን ልጆች የቆርቆሮውን ኳኳታና የፀሐዩን ብርሃን ባንድ ጊዜ ያገኘን እንደሆነ "ጅብ ወለደች!" እያልን፣ እየተጋፋን ከቤት እንወጣለን፤ ዝናቡ እስኪያባራ እንጨፍራለን። አራሷን ያየ የለም። ማየትም አላስፈለገንም። ዜናው ራሱ ይበቃን ነበር።

በዚያን ጊዜ ባለቤት የሌለው ነገር አልነበረም። ቀስተ ደመና የእመቤታችን የማርያም መቀነት ነው። የወለቀ ጥርስ ጣሪያ ላይ ተወርውሮ ባዲስ ይለወጣል፤ ደግሞም ተለወጠ! እስቲ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? በጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ እንዲሁ ዝናብ አይደለም፤ ጠበል ነው። እናቶች ከሊጡ ላይ ጠብ ያደርጉታል፣ እኛ ደግሞ ልብሳችንን አውልቀን እንገባበታለን። የመስቀል ወፍ ከአደይ አበባ ጋር ቀጠሮ አላት፤ በመስከረም ትመጣለች፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደምትከርም የሚያውቅ ፈጣሪዋ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የምደረድረው "አይ ያ ዘመን!" ብዬ ሙሾ ለማውረድ አይደለም። ስለ ልጅነት የሚጻፍ ነገር ሁሉ ወደዚያ ስለሚያዘነብል አንባቢዬ ከወዲሁ ቢሰጋ አልፈርድበትም። ያ ዘመን በኩፍኝ የተቀበሩ የሰፈር ልጆችም ነበሩት፤ በባዶ ሆዳቸው የሚተኙም ነበሩት። እኔን ወደዚህ ወሬ ያስገባኝ ቤቴ ውስጥ የተነሣ ጠብ ነው። ጠበኞቹ ሰማንያ ዓመት ያለፋት እናቴና ስምንት ዓመቷን የያዘች ልጄ ናቸው። ከጠቡ በፊት ግን ስለ እናቴ ጥቂት ልበል።

እናቴ የቡልጋ ሰው ናት። ጉለሌ የገባችው ገና በልጅነቷ ቢሆንም ከቡልጋ የወጣች አይመስላትም። ቀን ተረት አታወራም ነበር፤ ቀን የሥራ ነው። ማታ፣ እራት ተበልቶ፣ ዕቃው ተለቃልቆ፣ ከሰሉ አመድ ሲለብስ ነው "ተረት ተረት" የምትለው። "የላም በረት" ብለን እስክንመልስ ወደፊት ፈቀቅ አትልም። ከመካከላችን አንዱን እንቅልፍ ወስዶት ድምፁ ከጎደለ ታውቃለች፤ "አንድ በረት ጎደለኝ" ብላ ታቆማለች። ተረቱ ሲያበቃም አፏን በዳቦ ማበስ የኛ ፋንታ ነው። ዳቦ በሌለበት ማታ ባዶ እጃችንን ወደ አፏ እንዘረጋለን፤ እሷም ከምሯ ታላምጣለች።

እኔን ከተረቱ ይልቅ የሚማርከኝ ግን እንቆቅልሹ ነበር። "እንቆቅልህ?" "ምን አውቅልህ?" መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ይሰጣል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ልጅ የሚወድ ሰው መሆን አለበት። አስቡት እስቲ፤ ፒያሳን እንኳ በዓመት አንዴ የሚያይ የሰባት ዓመት ልጅ ጎንደርን ከነግንቡ፣ ሐረርን ከነጀጎሉ አንሥቶ ይሰጣል። ተቀባዩም ዝም ብሎ አይቀበልም፤ "እሱን አልፈልግም፣ ሌላ አምጣ" ይላል፣ ያማርጣል። የወደደው አገር ሲሰጠው ይገባና እዚያ የበላውንና የጠጣውን እየዘረዘረ አገሩን የለቀቀለትን ምስኪን እንደ ልቡ ያበሻቅጠዋል። እኛ ቤት የዓለም ካርታ በየምሽቱ ይቀየር ነበር። እናቴ አሥመራን ሰጥታለች፤ ሮማን ሰጥታለች፤ ለንደንን ከነንግሥቷ ሰጥታለች። ቡልጋን ግን ሰጥታ አታውቅም። "ቡልጋ አይነካም" ትላለች። እኛም የጨዋታው ሕግ ነው ብለን ተቀበልን።

በኋላ ቴሌቪዥን መጣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ቢሆንም እኛ ሰፈር የደረሰው ብዙ ዘግይቶ ነው፤ አንድ ጎረቤት ቤት፣ ጥልፍ ለብሶ እንደ ሙሽራ የሚገለጥ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበር። እዚያ ያገኘናቸው ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው፤ አባባ ተስፋዬ። ለአርባ ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። እሳቸው ሰላምታ ሲሰጡን ብድግ ብለን አጸፋውን እንመልሳለን፤ ቁጭ በሉ ሲሉን እንቀመጣለን። ከመስተዋቱ ወዲያ ማዶ ሆነው እንደሚያዩን አንድም ቀን አልተጠራጠርንም። ዛሬ ሳስበው ሰውዬው ቴሌቪዥኑን አሸንፈውት ነበር እላለሁ። ሣጥኑ የሰውን መልስ የማይሰማ ዕቃ ነው፤ እሳቸው ግን የሚሰማ አስመሰሉት። እንደ እናቴ "የላም በረት" እስክንል የሚጠብቁ ይመስለን ነበር።

ልጄ የምታየው ስልክ አይጠብቅም። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል። (ስክሪን ያለበትን ሁሉ ረገመ እንዳልባል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 "ፀሐይ መማር ትወዳለች" በሚለው ፕሮግራም ብቅ ያለችው አሻንጉሊት ቀጭኔ እኛ ቤት ባለውለታ ናት። ልጄ ፊደል ሳትለይ ጥያቄ መጠየቅ የለመደችው ከእሷ ነው።)

ጠቡ የተነሣው ሚያዝያ ላይ ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። በሳይንስ ፈተና ላይ ቀስተ ደመና እንዴት እንደሚፈጠር የሚጠይቅ ጥያቄ መጣ። እሷም ባማረ ጽሕፈቷ "እመቤታችን መቀነቷን ሰማይ ላይ ስታሰጣ" ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ ተሰጣት። ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ወረቀቱ ሲመለስ መልሷ ለክፍሉ ተነበበ፤ ክፍሉም ሳቀ።

መምህሯ ተሳስተዋል አልልም። ሳይንስ ተጠይቆ መቀነት የመለሰ ልጅ ማርክ ሊያገኝ አይገባውም፤ ትክክለኛው መልስ ደብተሯ ላይ ነበረ። ያቃጠለኝ ሳቁ ነው።

ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ሳታወርድ በቀጥታ ወደ እናቴ ሄደች። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር።

"እማማ፣ ለምን ዋሸሽኝ?"

"እኔ? ምን ብዬ፣ የኔ እናት?"

"የማርያም መቀነት ብለሽ። ውሸት ነው። ውኃና ብርሃን ነው። ጅቧም አልወለደችም። የምታወሪው ሁሉ ውሸት ነው።"

እናቴ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ምስሯ ተመለሰች። ያን ዕለት ማታ መብራት ጠፋ፤ እንደ ወትሮው ሻማ አብርተን ዙሪያዋን ተቀመጥን። መብራት የጠፋ ማታ እኛ ቤት የተረት ማታ ነው። "እማዬ፣ ዛሬ ተረት የለም እንዴ?" አልኳት። "ተወኝ አንተ ልጅ። እኔ ውሸታም አሮጊት ነኝ፤ የሰው ልጅ አላሳስትም" አለች። የቀልድ ድምፅ አልነበረውም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ልጄም አትጠይቅ፣ እናቴም አትናገር። አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ መቁጠሪያዋን፣ አንዷ ስልኩን ይዘው ያመሻሉ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየፎቁ አንዳንድ ጥያቄ ነበራት። ጨረቃ ለምን ትከተለናለች? ጉንዳን ይተኛል ወይ? ሰው ሳይወለድ በፊት ስሙ ማን ነው? አራት ፎቅ፣ አራት ጥያቄ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ መልሱም ያጥር ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ደረጃውን ዝም ብላ መውጣት ጀመረች። አንድ ልጅ የተሳሳተ መልስ መስጠት ቢፈራ ይሻሻላል፤ መጠየቅ ከፈራ ግን ምን ይደረጋል?

ለመሆኑ እናቴ ዋሽታ ነበር ወይ? ይህን በሐቀኝነት ማሰብ ነበረብኝ። ተረት ሲነገር በር አለው። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" ያለ ልጅ ወደ ምን እንደሚገባ አውቆ ይገባል፤ ተስማምቷል ማለት ነው። የማርያም መቀነት ግን በር የለውም። ፀሐይ ላይ ቆመን፣ ጣታችንን ወደ ሰማይ ቀስረን በደህናው ጊዜ የምንናገረው ነገር ነው። ስለዚህ የልጄ ክስ መሠረት የለውም ለማለት አልደፈርኩም።

ግን ደግሞ ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱ ልጆችን አይታችሁ ከሆነ፣ ከእውነትና ከውሸት ሌላ ሦስተኛ ቦታ እንዳለ ትረዳላችሁ። ልጅቷ ጭቃ ወጥ ትሠራለች፣ በቅጠል እንጀራ ታቀርባለች፣ "ብላ እንጂ፣ በሞቴ" ትላለች። እንግዳው አፉን እያንጫጫ ያላምጥና "እግዜር ይስጥልኝ፣ ይጣፍጣል" ይላል። አንዱ ሞኝ የምሩን ጭቃውን ቢጎርስ ግን ባለቤቲቱ ራሷ ደንግጣ እናቷን ትጠራለች። ጭቃው ጭቃ መሆኑን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። እኛም "ጅብ ወለደች" እያልን ስንጨፍር አንድም ልጅ አራሷን ለመጠየቅ ወደ እንጦጦ ጫካ ሄዶ አያውቅም። ይህን ቦታ ልጆች ያለ አስተማሪ ያገኙታል። ያን ቀን የክፍሉ ሳቅ ለልጄ የነገራት እንዲህ ያለ ቦታ እንደሌለ ነው፤ ወይ ልክ፣ ወይ ኤክስ።

ክርክሩ እኛ ቤት አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1817 ለንደን ውስጥ ቤንጃሚን ሄይደን የተባለ ሠዓሊ ወዳጆቹን ግብር ጠርቶ ነበር። ገጣሚዎቹ ዎርድስወርዝና ኪትስ፣ ደራሲው ቻርልስ ላምም ነበሩበት። (ላም በእነሱ ቋንቋ ግልገል በግ ነው፤ ከኛ የላም በረት ጋር ዝምድና የለውም።) ሞቅ ሲላቸው ላም ሠዓሊውን ሥዕልህ ውስጥ የኒውተንን ፊት ለምን አስገባህ ብሎ ወረደበት፤ ኪትስም ኒውተን ቀስተ ደመናን በብርጭቆ ወደሚተነተን ቀለም አውርዶ ቅኔውን አጠፋው በሚለው ተስማማ። ከዚያ ብርጭቋቸውን አንሥተው ለኒውተን ጤንነትና ለሒሳብ መደናገር ጠጡ።

ኪትስን እወደዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልከተለውም። ለነገሩ ኒውተንም እነሱ እንዳሰቡት ደረቅ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ከብርሃኑ ውስጥ አምስት ቀለማት ቆጥሮ ነበር፤ ኋላ ከሙዚቃ ድምፆች ጋር እንዲስማሙለት ብሎ ሰባት አደረጋቸው። በቀለማቱ መካከል አጥር የለም፤ አንዱ ወደ ሌላው ሳይታወቅ ይፈሳል፤ ሰባት የቆጣሪው ምርጫ ነው። እናቴ ሦስት ናቸው ትላለች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ባንዲራችንም ከዚያ የተቀዳ ነው ባይ ናት፤ እንደሷ የሚሉ ብዙ ናቸው። የልጄ መጽሐፍ ሰባት ይላል። የእናቴ ሦስት ከኒውተን ሰባት ይበልጥ ስሕተት ነው የሚለኝ ካለ ልከራከረው ዝግጁ ነኝ።

በሌላ በኩል የእናቴን ጓዳ እንዳለ ልቀድስ አልፈልግም። በዚያው ጣፋጭ አንደበት የሚነገር ሌላ የጅብ ወሬም ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ምጣድና ጀበና እየሠራች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሌሊት ጅብ ትሆናለች ይባላል። በመንገድ ስታልፍ እናቶች የሕፃናቶቻቸውን ፊት በነጠላ ይከልላሉ። በሷ ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ ግን ሁሉም ይበላል፤ በሷ ጀበና የፈላውን ቡና ሁሉም ይጠጣል። ልጇ ብይ ስንጫወት ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ያያል፤ እናቶች ከደጃፋቸው ሆነው ስለሚጠብቁት አይጠጋም። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው እየጠሩ መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድሳና ሰባ ዓመት አልፎም አዋጁ እኛ ሰፈር አልደረሰም ነበር። "ጅብ ወለደች" ማንንም አላስከፈለም፤ "ጅብ ሆነች" ግን አንድ ልጅ ልጅነቱን ከአጥር ጥግ እንዲያሳልፍ አድርጓል። ይህን ለልጄ ላወርሳት አልፈልግም፤ እናቴም ካነሣችው አርባ ዓመት ሊሆነው ነው።

ልጅ ማስፈራሪያውንም እዚሁ ላይ ልጨምረው። "ዝም ካላልክ ለጅብ እሰጥሃለሁ።" ይህ ተረት አይደለም፤ አለንጋ ነው። ተረቱ ውስጥ ያለው አያ ጅቦ ሆዳምና ቂል ነው፤ ጦጣ ታታልለዋለች፣ ቀበሮ ታጃጅለዋለች፣ ልጁ ፈርቶ ፈርቶ መጨረሻ ላይ ይስቃል። ማስፈራሪያው ውስጥ ያለው ጅብ ግን መጨረሻ የለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ሥር ነው። የሐረር ሰዎች ከኛ ይልቅ ብልሆች ናቸው። የጀጎል ግንብ ላይ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ አበጅተውለት፣ ማታ ማታ በእጃቸው ሥጋ ያጎርሱታል። የሐረር ልጅ በጅብ ቢያስፈራሩት የሚስቅ ይመስለኛል።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ካፊያ እየጣለ ፀሐይ ከምዕራብ ፍንትው አለች። ልጄን "ነይ እንውረድ" አልኳት። ሳትወድ ተከተለችኝ። ከለገጣፎ በኩል ያለው ሰማይ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ከላዩ ላይ ቀስቱ ሙሉውን ተዘርግቷል። ልጆች በየብሎኩ ሥር ይጮሃሉ። እሷ ዝም።

"ፀሐይን ከጀርባሽ አድርጊ" አልኳት። "ጥላሽን እዪ። የራስሽ ጥላ የወደቀበት አቅጣጫ የቀስቱ መካከል ነው። ብርሃኑ ከኋላሽ መጥቶ ጠብታው ውስጥ ይገባል፣ ከጀርባው ነጥሮ ወደ ዓይንሽ ይመለሳል። ከጥላሽ 42 ዲግሪ ያህል ርቀው ያሉት ጠብታዎች ቀይ ይልኩልሻል።" ዲግሪው እንዳልገባት ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ወደ ቀኝ ሦስት እርምጃ ተራመደች፤ ጥላዋ አብሯት ሄደ። ቆም ብላ ቀስቱን አየች። እንደገና ተራመደች።

"ይከተለኛል" አለች።

"ይከተልሻል፤ የራስሽ ነዋ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ላንቺ ቀይ የምትልከው ጠብታና ለኔ ቀይ የምትልከው ጠብታ አንድ አይደሉም። ደግሞ ጠብታዋ እየወደቀች ነው። ከላይ ስትመጣ ቀይ ትልክልሻለች፣ ትንሽ ዝቅ ስትል ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ታልፋለች። ሌላዋ ትተካለች። ቀስቱ የቆመ መሰለሽ እንጂ በየቅጽበቱ አዲስ ነው።"

እናቴ በአራተኛ ፎቅ መስኮት ብቅ ብላለች፤ ጉልበቷ ስለሚያማት ደረጃ አትወርድም። ልጄ ቀና ብላ አየቻት። ከወር በላይ በቅጡ ያላነጋገረቻትን አያቷን አየቻትና በጣም ጮክ ብላ፣ "እማማ! ያንቺ ሌላ ነው! ያንቺና የኔ አንድ አይደለም!" አለቻት።

"የኔማ የኔ ነው!" አለች እናቴ ከላይ። "መቼ ያንቺን ነካሁብሽ?"

ደረጃውን ስንወጣ አንደኛው ፎቅ ላይ ምንም አላለችም። ሁለተኛው ላይ ምንም። ሦስተኛው ላይ ቆመች።

"አባዬ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ከሆነ፣ እመቤታችን ስንት መቀነት አላት?"

ትንፋሼ አጥሮ ነበር። ባያጥርም የምመልሰው አልነበረኝም። ይህን ፈተና ላይ አይጠይቁም።

ሁለቱ ያን ቀን ታረቁ ማለቴ አይደለም። እናቴ ኩራተኛ ናት፤ ልጄም እሷን ወጥታለች። ክረምቱን ሁሉ ከሰላምታ ትንሽ ከፍ ባለ ነገር አሳለፉት። የቀረውን በረዶ የሰበረው የመስቀል ወፍ ነው። መስከረም ላይ ከግቢያችን አጥር ባሻገር ባለው ማሳ ደማቅ ቀይና ጥቁር የለበሰች ወፍ ሣሩ ላይ ስትንቦጫረቅ እናቴ በመስኮት አይታ "መጣሽ ደግሞ፣ የኔ ቀጠሮ አክባሪ" አለቻት። እኔ ደግሞ ያነበብኩትን አወጋኋቸው። ይህን ስም የምንሰጣቸው በደማቅ ላባቸው የምናውቃቸው ወፎች ወንዶቹ ናቸው። በዝናቡ ወራት ለጋብቻ ይለብሱታል፤ ወራቱ ሲያልፍ ላባቸውን ይጥሉና እንደ ሴቶቹ ቡናማ፣ ድንቢጥ የመሰሉ ይሆናሉ። የትም አይሄዱም። ዓመቱን ሙሉ ከዓይናችን ሥር ናቸው፤ ልብሳቸው ስለተለወጠ ነው የማናውቃቸው።

እናቴ መቁጠሪያዋን አስቀመጠች። "ወንድ ነው?"

"ወንድ ነው።"

"ሰማንያ ዓመት ሙሉ አንቺ ስለው!" ሳቋ መጣ፤ ልጄም ሳቀች። ቆይታ ግን አሰበችበት። "እንግዲያው እንግዳ አይደለም በለኛ። ቤተኛ ነው። እኛ ከዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ ሲኖረን በሱ ስንሰድብ... ምስኪን፣ ስሙን አጠፋነው።" ከዚያ ጊዜ ወዲህ ልጄ ቡናማ ወፍ ባየች ቁጥር ትቆማለች። ሽቦ ላይ የተቀመጠችውን፣ ጤፍ የምትለቅመውን፣ ሁሉንም አንገቷን ዘንበል አድርጋ "አንተ ነህ እንዴ?" ትላለች። አብዛኞቹ ተራ ድንቢጦች እንደሚሆኑ አውቃለሁ። አልነገርኳትም፤ ራሷ ትደርስበታለች።

ኅዳር ውስጥ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ከኮረብታው በኩል ጅብ ይጮህ ነበር። የጅብ ጩኸት ብዙ ኪሎ ሜትር ይሰማል፤ ስለዚህ ቅርብ ይሁን ሩቅ መለየት አይቻልም። እናቴ ሻማውን ጠረጴዛ ላይ አቆመች። ልጄ ወደሷ ተጠጋችና ጉልበቷን በጣቷ ነካ አደረገቻት።

"እማማ፣ እንቆቅልሽ?"

እናቴ ወዲያው አልመለሰችም። ጅቡ አንዴ ጮኸ። ሁለተኛ ጮኸ።

"ምን አውቅልሽ?" አለች።

"ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆመው፣ ወደ አንድ ቦታ እያዩ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን የሚያዩት ምንድን ነው?"

"ሕልም።"

"ቆመው ነው ያልኩሽ፣ እማማ።"

"እንግዲያው ባልና ሚስት ናቸዋ፤ መቼ አንድ ነገር አይተው ያውቃሉ!" ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። ልጄ ግን ፍንክች አላለችም። እናቴ ጥላ አለች፣ ዕድል አለች፣ መስተዋት አለች። ያወቀችው ይመስለኛል፤ ፊቷን በሻማው ብርሃን አይቼዋለሁ።

"በቃ፣ አቃተኝ። አገር ልስጥሽ። ለንደንን ሰጠሁሽ።"

"አልፈልግም።"

"ሮማን።"

"አልፈልግም።"

"ዱባይን ከነፎቁ።"

"አልፈልግም። ቡልጋን።"

ቡልጋ እንደማይነካ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እናቴ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች፤ የሻማውን ጫፍ በጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ እንዲፈካ አደረገችው።

"እሺ፣ ቡልጋን ሰጠሁሽ" አለቻት። "ግን ቀስ ብለሽ ግቢ። ቁልቁለት ነው፤ ዝናብ ከዘነበም ያንሸራትታል።"